አሥረኛው ፋኖስ

ፉዋ ሌይ ቹ ጋዜጣው ላይ የዘንድሮ ዕጩዎችን ዝርዝር ስታነብ የራሷን ስም አየችና ያነሣችውን ማንኪያ መልሳ አስቀመጠች።

ሌላ ሰው ቢሆን ጎረቤት ይሰበስብ ነበር። በሲንጋፖር የቻይንኛ ቴሌቪዥን ከሚታዩት ተዋንያን ሁሉ ለሕዝብ ድምፅ የሚቀርቡት ሃያ ብቻ ናቸው፤ ከሃያው ደግሞ አሥሩ የወርቅ ፋኖስ ይዘው ቤታቸው ይገባሉ። ሌይ ቹ ዘጠኝ ፋኖሶች አሏት። ከቴሌቪዥኗ በላይ ደርድራቸው በየቅዳሜው አቧራቸውን ትጠርጋለች። አሥረኛውን ግን እንደ ወረርሽኝ ነው የምትፈራው። ጋዜጣውን አጣጥፋ ከሩዝ ማሰሮው ሥር ወሸቀችው፤ እዚያ ከተደበቀ ዕጩነቱም የሚቀር ይመስል።

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብናል። የወርቅ ፋኖስ ሲጀመር ማንንም የሚያስፈራ ነገር አልነበረውም። የመጀመሪያው ዓመት በዓል የተደረገው አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ነው። ፋኖሶቹ ወርቃማ ቀለማቸው በደንብ ሳይደርቅ ስለታደሉ፣ የዚያን ዓመት ተሸላሚዎች ፎቶግራፍ ብታዩ የሁሉም መዳፍ ቢጫ ነው። በሁለተኛው ዓመት የምርጥ ተዋናዩ ስም ያለበት ፖስታ ጠፋና መድረክ መሪው ላብ በላብ ሆኖ አፉ ላይ የመጣለትን ስም ጠራ። የተጠራው ሰው እውነተኛው አሸናፊ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ እሱም አልጠየቀም። በአምስተኛው ዓመት ደግሞ ጣቢያው፣ ሕዝቡ ራሱ በስልክ እየደወለ አሥር ተወዳጆቹን ይምረጥ አለ።

ነገር የተበላሸው ያኔ ነው። እኛ አንድ ፊት ከወደድን ወደድን ነው፣ የሚያስለቅቀን የለም። እነዚያው አሥር ሰዎች በየዓመቱ እየወጡ፣ እነዚያኑ እናቶቻቸውን እያመሰገኑ፣ ንግግራቸው እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ ያለቅሱ ጀመር። በመጨረሻ አንድ የጣቢያው ኃላፊ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደንብ አወጣ። አሥር ጊዜ የተመረጠ ሰው «የዘላለም ተወዳጅ» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለድምፅ አይቀርብም።

ስሙ ሲያምር። ማዕረጉን መጀመሪያ ያገኙት ጋሼ ሖ ዋ ኪት ናቸው። በዘመናቸው በአንድ እጃቸው ሰባት ሽፍታ የሚዘርሩ ጀግና ነበሩ። አሥረኛውን ፋኖስ ሲወስዱ ጣቢያው በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ለስላሳ ወንበር ሰጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ስማቸውን ጮክ ብሎ የጠራ ሰው የለም። በየዓመቱ ካሜራው አንድ ጊዜ ፊታቸው ላይ ያርፋል፣ እሳቸው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ካሜራው ያልፋል። ሌይ ቹ ይህን ስታይ ትዝ የሚላት ቤት ውስጥ ለሞቱ አያቶች መታሰቢያ የሚቆመው የስም ሰሌዳ ነው። ለሰሌዳው እንኳ ብርቱካን ይቀርብለታል።

እሷ ደግሞ ስሟ ጮክ ተብሎ ካልተጠራ መኖሯ የሚጠፋባት ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ ልጅ አልወለደችም። ከዓመቱ አሥራ አንዱን ወር ቤቷ በር ላይ ቆሞ ስሟን የሚጠራት ፖስታ አዳዩ ብቻ ነው። ምርጫው በሚካሄድበት ወር ግን የቶዋ ፓዮ ገበያ ሴቶች አሉላት። አሥራ ሰባት ናቸው። ማኅበራቸውን «የአማት ወዳጆች» ብለውታል፤ ሌይ ቹ በቴሌቪዥን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተጫወተችው ምራቷን የምታንጨረጭር አማት ሆና ነውና። አሥራ ሰባቱም አማቶች ስለሆኑ፣ ወኪላችን ይቺ ናት ብለው ያዟት። በዚያ ወር ቢጫ ካናቴራ ይለብሳሉ፣ ዓሣ ተራ መሐል ቆመው ስሟን እየጮኹ አላፊ አግዳሚውን ስልክ ያስደውላሉ፣ ማታ ማታ ቤቷ መጥተው ዓሣ እያበሰሉ ምራቶቻቸውን ያማሉ። አሥረኛው ፋኖስ ከመጣ ምርጫ የለም። ምርጫ ከሌለ ካናቴራውም፣ ጩኸቱም፣ ሴቶቹም የሉም። ስለዚህ መሸነፍ አለባት፤ ሌላ መንገድ አልታያትም።

የመጀመሪያው ሳምንት ውጤት ሲወጣ አሥራ አንደኛ ሆነች። ለብቻዋ በደስታ ፈነጠዘች። አሥረኛው ኦንግ ቲያንግ ቡን ነበር። ይህን ሰው ስሙን ባታውቁት ፊቱን ታውቁታላችሁ፤ በየድራማው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጥቶ፣ የአፉን መሸፈኛ አውልቆ፣ ለቤተሰቡ ራሱን የሚነቀንቀው ሐኪም እሱ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ በሽተኛ እንኳ አላዳነም። ደግ ሰው ነው፤ ሲታጭም የመጀመሪያው ነው። ሌይ ቹ ከልቧ ይቅናው አለችው።

የአማት ወዳጆች ግን ጉድ ፈላ አሉ። ሊቀ መንበራቸው ሲም ጌክ ኤንግ ዓሣ ሻጭ ናት፤ ዓሣ ተራ ላይ ስትጣራ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ዞር ይላል። የዚያኑ ዕለት ማታ መጥታ አይዞሽ አለቻት፤ እኔ ቆሜ አንቺ አትወድቂም፣ ይህቺ ዓመት ካመለጠችን እኔ ዓሣ መሸጥ አቆማለሁ አለች። ሌይ ቹ ሆድ ይፍጀው ብላ ሻይ ቀዳችላት።

በማግሥቱ አንድ ብልሃት መጣላት። ሕዝቡ የሚወዳት ክፋቷ ቴሌቪዥን ውስጥ ስለሆነ ነው፤ በአካል ክፉ ስትሆንበት ይጠላታል። ቅርጫቷን አንጠልጥላ ገበያ ወረደችና ከኑድል ሻጩ ጀመረች። አንድ ጉርሻ ቀምሳ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ይሄ ኑድል ነው ወይስ የጫማ ክር አለችው። ሰውዬው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሚስቱን ጠራ፣ ወንድሙን ጠራ፣ ለእነሱም ይድገሙልን ብሎ ለመናት። ነፍሰ ጡር የሆነች አንዲት ወጣት ደግሞ እጅ ነሥታ ቀረበች።

«እትዬ ሌይ ቹ፣ እባክዎ እኔንም አንዴ ይስደቡኝ። አማቴ ብትሰማ ደስ ይላታል።»

ሌይ ቹ ሰደበቻት። ልጅቷ አመስግና ሄደች፤ ከኋላዋ ሰልፍ ተሠርቶ ነበር። እስከ እኩለ ቀን ድረስ የዳክዬ ሻጩን አንገት፣ የአትክልት ሻጯን ጎመን፣ የአንድ ጡረተኛን ጥርስ ስትሰድብ ዋለች። በሁለተኛው ሳምንት ሰባተኛ ሆነች፤ ቲያንግ ቡን ወደ አሥራ አንደኛ ወረደ።

አሁን የቀራት በግልጽ መናገር ነው። ሬዲዮ ጣቢያ ሄዳ፣ ፕሮግራሙ በቀጥታ እየተላለፈ ሳለ፣ እባካችሁ ዘንድሮ አትምረጡኝ አለች። እዚህ ላይ ነው የዕድሜ ልክ ስሕተቷን የሠራችው። እኛ ዘንድ የሚሰጡትን ወዲያው የሚቀበል ሰው ባለጌ ነው። የስጦታ ገንዘብ ያለበት ቀይ ፖስታ ሲዘረጋልህ እጅህን ከኋላህ ትደብቃለህ፤ ሰጪው ኪስህ ውስጥ ይወትፈዋል፣ አንተ አውጥተህ ትመልሳለህ፣ ሦስት ጊዜ እምቢ ካልክ በኋላ ካሉማ ብለህ ትቀበላለህ። የምግብ ቤት ሒሳብ እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል ተባብለው ሸሚዝ የተቀዳደዱ ወንድማማቾች አሉ። ሌይ ቹ ይህን ሁሉ እያወቀች በንዴት ረሳችው።

ጋዜጠኛው ትሕትናዋ ልቡን ነክቶት ድጋሚ ጠየቃት። እሷም ከልቤ ነው፣ አትምረጡኝ አለች። ሦስተኛ ሲጠይቃት ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«በሞቴ ይዣችኋለሁ፣ አትምረጡኝ።»

ሦስቴ እምቢ አለች። ይህን የሰማው አገር በሙሉ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል አለ። በሕይወታቸው ለማንም ደውለው የማያውቁ ሽማግሌዎች መነጽራቸውን አድርገው ስልክ አነሡ። አንድ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ለተማሪዎቹ ስለ እሷ ትሕትና ንግግር አደረገ ተባለ። በሦስተኛው ሳምንት ሌይ ቹ አንደኛ ወጣች፤ ቲያንግ ቡን አሥራ ሁለተኛ። በዚያው ቀን እሱ ራሱ የፍራፍሬ ቅርጫት ላከላት፤ ካርዱ ላይ፣ እርስዎ ካላሸነፉ ማን ያሸንፋል የሚል ተጽፎበታል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እሷ መውረድ ተስኗት ሰውዬውን ገፍትራ አወረደችው።

ከፍራፍሬው አንድም መብላት አልቻለችም። ስልኩን ወደ ሶፋዋ ጎትታ ለቲያንግ ቡን ትደውል ጀመር። እሱን መልሳ አሥር ውስጥ ብታስገባው ቢያንስ ሕሊናዋ ይተኛል፤ ምናልባትም፣ ማን ያውቃል፣ ሌላ ዘጠኝ ሰው ከእሷ በላይ ይሆን ይሆናል። ከአንድ ስልክ በቀን የሚፈቀደው ሃምሳ ጥሪ ነው። የቤቷን ሃምሳ ጨርሳ የጎረቤቷን ሃምሳ ጨረሰች፣ የልብስ ሰፊውን ሃምሳ ጨረሰች። በአራተኛው ቀን ጌክ ኤንግ ለአንድ ምግብ ቤት ዓሣ ልታደርስ ስትሄድ፣ ሌይ ቹ ሱቁን እኔ እጠብቅልሻለሁ ብላ ከዓሣ ሳጥኖቹ ኋላ ያለውን ስልክ ያዘች።

ያላወቀችው ነገር፣ የዓሣ ሻጭ እጅ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ያ ስልክ ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያ ላይ ነው። ቁጥሩን መታች፤ ለደዋይ የሚመልሰው የተቀዳ የሴት ልጅ ድምፅ በዓሣ ተራው ላይ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ።

«ለኦንግ ቲያንግ ቡን ድምፅዎን ስለሰጡ እናመሰግናለን።»

የሸርጣን ሻጯ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ሌይ ቹ ስልኩን ለመዝጋት ስትጣደፍ ተሳስታ ደግማ ደወለች፤ ልጅቷም ደግማ አመሰገነች። ቀና ስትል ጌክ ኤንግ ባዶ ባልዲ ይዛ ከፊቷ ቆማለች።

«እጄ ነው እንጂ እርጥብ፣ ጆሮዬ ደኅና ነው» አለች ጌክ ኤንግ።

«ላስረዳሽ።»

«ከእኔ ስልክ? ለሐኪሙ የምትደውዪው ከእኔ ስልክ ነው?»

ሌይ ቹ ሠላሳ ዓመት ስታንጨረጭር የኖረችበት ምላሷ ተሳሰረባት። ጌክ ኤንግ ጀርባዋን ሰጥታ አንድ ትልቅ ዓሣ ጎትታ አንገቱን ትመታ ጀመር።

«አሥር ከሞላ እናንተን አጣለሁ» አለች ሌይ ቹ ለጀርባዋ። «ከዚያ ወዲያ ማን ይመጣል? ማን ስሜን ይጠራል? ፋኖሱን አይደለም እኮ የምፈልገው፣ እናንተን ነው።»

ቢላዋው አላቋረጠም። ሰምታት ይሁን አይሁን መለየት አልተቻለም።

«ሐኪም ጉሮሮሽ ቆስሏል፣ አትጩኺ ካለኝ ሁለት ዓመት ሆነው» አለች ጌክ ኤንግ ሳትዞር። «እውነተኛ ሐኪም። ላንቺ ብዬ ነው ሕመሜን ደብቄ ስጮህ የኖርኩት። በይ ሂጂ፣ ደንበኛ ቆሟል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቷ የመጣ ሰው የለም። ሁለት ቀን ቆይታ ዓሣ ተራውን ከሩቅ ብታይ አንድም ቢጫ ካናቴራ አጣች፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይሸጣል። እነሱን ላለማጣት ብላ የሠራችው ሥራ ነው ያሳጣት። እንደዚህ ያለ ሞኝነት በድራማ ቢጻፍ፣ ማን ያምናል ብዬ አልጫወትም እል ነበር ስትል ራሷን ረገመች።

በዓሉ እሑድ ምሽት ሆነ። ዘንድሮ ከለመደበት አዳራሽ ወጥቶ ወንዝ ዳር ወደተሠራው አዲስ ቴያትር ቤት ተዛውሯል። ሌይ ቹ እንደገባች መጀመሪያ ያየችው ፎቁ ላይ ለማኅበሩ የተያዙትን አሥራ ሰባት ወንበሮች ነው። ባዶ ናቸው። መብራቱ ሲጠፋም ባዶ ነበሩ።

የአሥሩ ስም አንድ በአንድ ተጠራ። ቲያንግ ቡንም አሥሩ ውስጥ ገብቷል። መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ፋኖሱን ተቀብሎ፣ ማይክሮፎኑ ፊት ሲቆም ከልማድ ብዛት ራሱን ነቀነቀ፤ አዳራሹ ውስጥ የነበሩ አሮጊቶች ሁሉ ማን ሞተ ብለው ደነገጡ። ሌይ ቹ ከሁሉም አብልጣ አጨበጨበችለት። መጨረሻ ላይ የእሷ ስም ተጠራ።

ጭብጨባው ጨዋ ነበር። ጓንት ያደረገ ሰው ይመስል፣ እንዲህ ለስለስ ያለ። አሥረኛውን ፋኖስ ተቀበለች፣ ወደ ፎቁ ቀና አለች፣ ባዶውን ረድፍ አየች። የሚሉትን ሁሉ አለች፣ ዳይሬክተሩን አመሰገነች፣ የሞተ ባሏን አመሰገነች። የማኅበሩን ስም ስታነሣ ግን ድምፅዋ ከዳት። ሕዝቡ ከደስታ ብዛት ነው ብሎ እንደገና በጨዋነት አጨበጨበ።

ከመድረክ ስትወርድ አስተናጋጇ ክንዷን ይዛ ወደ መጀመሪያው ረድፍ ወሰደቻት። ከጋሼ ዋ ኪት አጠገብ አዲስ ለስላሳ ወንበር ተጨምሯል። ሽማግሌው ከኪሳቸው የሱፍ ፍሬ ዘግነው በመዳፏ አፈሰሱላት።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ። «ወንበሩ ይመቻል። ክፋቱም እሱ ነው።»

ተቀመጠች። እውነታቸውን ነው፣ ይመቻል። ሰምጣ ሰምጣ ጉልበቷ ከፊቷ ጋር እኩል ሆነ። ካሜራው መጥቶ ፊቷ ላይ አረፈ፣ እጇን አወዛወዘች፣ ካሜራው አለፈ። መድረኩ ላይ ፊልም እየቆረጠ ለሚቀጥለው፣ ለምርጥ ፊልም ቆራጭ የሚሰጠው ሽልማት ደርሶ ነበር። በሕይወቱ ከጨለማ ክፍል ወጥቶ የማያውቅ ቀጭን ሰውዬ ከወረቀቱ እያነበበ፣ አሁን ደግሞ ባለቤቴን ማመስገን እፈልጋለሁ ሲል የኋላው በር ተበረገደ።

ቢጫ ነው። አሥራ ሰባቱም ናቸው፣ ላብ አጥምቋቸዋል።

ኋላ እንደተሰማው፣ ሌይ ቹ የምፈልገው እናንተን ነው ማለቷን ጌክ ኤንግ ለሴቶቹ ነግራቸዋለች፤ ማኅበሩ አውቶቡስ ተኮናትሮ የሄደው ግን እንደ ልማዱ ወደ አሮጌው አዳራሽ ነው። እዚያ ሠርግ ነበር። በሩን ከፍተው የሌይ ቹን ስም እየጮኹ ሲገቡ፣ ሙሽሪት ልትገባ ሙዚቃው የተጀመረበት ደቂቃ ነበር፤ የሙሽራው እናት የልጇ ጓደኞች የላኩላት ትርዒት መስሏት አቀፈቻቸው። ተሳስተን ነው፣ እንሂድ አሉ። ብሉ ተባሉ። አንበላም አሉ። ብሉ ተባሉ። ሦስት ጊዜ እምቢ ስላሉ ጨዋነታቸው ተመስግኖ ወንበር ተሳበላቸውና፣ ሾርባውንና የተጠበሰውን አሳማ ሳይጨርሱ መውጫ አላገኙም።

ጌክ ኤንግ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ሆና፣ የሰው ራስ ሁሉ አሻግራ፣ ሌይ ቹን ፈልጋ አገኘቻት።

«አለፈ እንዴ?» አለች። ጥያቄዋ ያለ ማይክሮፎን ሁሉም ጋ ደረሰ።

ሌይ ቹ ከዚያ ወንበር ለመውጣት ጋሼ ዋ ኪት ከኋላ ሊገፏት ግድ ሆነ። ቆመች።

«አልፏል። ተሰጥቶኛል፣ አሥር ሞልቷል። ከእንግዲህ ምርጫ የለም፣ ድምፅ የለም፣ ሁሉም አብቅቷል። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።»

ጌክ ኤንግ ትንሽ አሰበች። ጎረቤቷን ሸርጣን ሻጯን አየቻት፤ ሸርጣን ሻጯም ትከሻዋን ነቀነቀች። ከዚያ ጌክ ኤንግ ያንን የቆሰለ ጉሮሮዋን ከፈተችው።

«ሌይ ቹ!»

«ሌይ ቹ! ሌይ ቹ!» አሉ አሥራ ስድስቱ።

የመድረክ ኃላፊው እጁን እያወናጨፈ ሮጠ። አስተናጋጆች ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ቀጭኑ ሰውዬ ባለቤቴ እንዳለ ቀረ። ሌይ ቹ ወደ ኋላ ዞራ አፏን ከፈተች፤ ይህን ጊዜ ምላሷ አልታሰረም። እናንተ የዓሣ ተራ ወንበዴዎች አለች፣ ሰውዬው ሚስቱን ያመስግንበት፣ አሳዳጊ የበደላችሁ፣ አንቺ ደግሞ ሐኪም አትጩኺ ብሎሽ የለም ወይ፣ ነገ ድምፅሽ ሲጠፋ ዓሣውን በጥቅሻ ልትሸጪው ነው። በተሳደበች ቁጥር ጩኸቱ ጨመረ። ቲያንግ ቡንም ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥቶ ስሟን ይጠራ ጀመር። እሷ እየተሳደበች ታለቅስ ነበር፤ እንባዋን ለመጥረግም አልሞከረችም። የሚቆጠር ድምፅ እንደሌለ ያውቃሉ። በስሟ የሚያገኙት ምንም ነገር የለም። ቢሆንም ይጠሩታል።

ጌክ ኤንግ ድምፅዋ ተሰንጥቆ ሲጠፋ ሸርጣን ሻጯ ተቀበለቻት፣ እሷም ሲደክማት ሌላዋ። ሌይ ቹ በዓሉ እስኪያልቅ ድረስ ተመልሳ አልተቀመጠችም። ፊልም ቆራጩም ባለቤቱን ያመሰገናት ኋላ፣ ቤቱ ገብቶ ነው።